ገበያ ያቆየው ያገሬ አተር

በራያና በአካባቢው ደጋማ ስፍራዎች የሚመረተውና በትግርኛ ደቆቆ፣ በአማርኛ ያገሬ አተር የሚባለው ሰብል ከኢትዮጵያና ከየመን ውጪ በነባር ሰብልነት አይታወቅም። ፍሬው ደቃቅ፣ ምርቱም ከተራው አተር ያነሰ ነው። ሆኖም የሽሮው ጣዕም «የጥራጥሬ ዶሮ ወጥ» አሰኝቶታል፤ በገበያም የላቀ ዋጋ ያወጣል። አርሶ አደሩ ዘሩን እስከዛሬ ያቆየው በዚሁ ምክንያት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የአገሪቱ የዘር ባንክ የአገር በቀል ሰብሎችን ዘር በማቀዝቀዣ ያኖራል። ይሁንና ዘር ከድርቅ፣ ከተባይና ከበሽታ ጋር እየተላመደ የሚሄደው በማሳ ላይ ብቻ ነው። ምርጫው በሄክታር በሚገኘው ኩንታል ብቻ ከተመዘነ ያገሬ አተር ተሸናፊ መሆኑ አይቀርም። በድርቅ ዓመት የዘሩን እህል የበላ አርሶ አደርም ያንኑ ዘር ከጎረቤቱ ካላገኘ በቀጣዩ ክረምት የሚዘራው የቀረበለትን ሌላ ዝርያ ይሆናል።