ፒላተስን ለሚጀምርና ለሚመለስ

ከጧት እስከ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከፋይልና ከኮምፒዩተር ጋር ሲታገሉ የሚውሉ ሠራተኛ፥ ወይም ለፈተና ሲያጠኑ አንገትዎ የሚደርቅ ተማሪ ከሆኑ፥ ከወዳጆችዎ አንዱ ፒላተስ እንዲሞክሩ ሳይመክርዎ አልቀረም። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ምንጣፉ ላይ ከመተኛትዎ በፊት ጥቂት ነገር ማወቅ ይበጅዎታል።

ፒላተስ የሰው ስም ነው። ዮሴፍ ፒላተስ በ1883 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር ተወለደ፤ በልጅነቱም አስምና ሌላም ሕመም የሚያሰቃየው ደካማ ልጅ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዝ አገር ስለ ነበር፥ ጀርመናዊ ነህ ተብሎ ከወገኖቹ ጋር በእስረኞች ሰፈር ታጎረ፤ የሰውነት ማጠንከሪያ ዘዴውን ግን በዚያም አልተወም። በ1926 ወደ ኒው ዮርክ ተሻግሮ ከክላራ ጋር የማሠልጠኛ ቤት ከፈተ፤ የከተማይቱም ዳንሰኞች ይመላለሱበት ጀመር። ዘዴውን እርሱ ራሱ «ኮንትሮሎጂ» ብሎ ሰይሞት ነበር፤ ሰውነትን በአእምሮ መግዛት እንደ ማለት ነው።

ይህ «መግዛት» የሚለው ቃል ለጀማሪ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። በትምህርት ቤት ሳለ ኳስ ይጫወት የነበረ ሰው፥ ከአምስት ዓመት የወንበር ኑሮ በኋላ ሲመለስ፥ ሰውነቱ የቀድሞው ይመስለዋል። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤቱ የሚያደርገውን ሁሉ ለማድረግ ይጣጣራል፤ ትንፋሹን ይይዛል፥ አንገቱን ይጎትታል፥ በማግሥቱ ደረጃ መውጣት ያቅተውና በዚያው ይቀራል። ብዙውን ሰው ከትምህርቱ የሚያስቀረው እፍረት ይመስለኛል።

«መቶው» የሚባለውን እንቅስቃሴ እንውሰድ። በጀርባዎ ተንጋልለው፥ ሆድዎን መቀነት እንደ ታጠቁ ያህል ሰብሰብ አድርገው፥ የተዘረጉ ክንዶችዎን ከጎንዎ በጥቂቱ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። እስከ አምስት እየቆጠሩ አየር ይስባሉ፥ እስከ አምስት እየቆጠሩ ያስወጣሉ፤ አሥር ጊዜ ሲደጋገም መቶ ይሞላል። የለመደ ሰው ራሱንና ትከሻውን አንሥቶ እግሩንም ከመሬት ከፍ አድርጎ ይዘረጋል። እርስዎ ግን ጉልበትዎን አጥፈው እግርዎን መሬት ያስረግጡ፤ አንገትዎ ሲደክም ራስዎን ያሳርፉ፤ ሠላሳ ላይም ያቁሙ። ማንም አይቆጥርብዎትም፤ የሚቆጥር ቢኖር የራሱን ትምህርት በሚገባ አልያዘም። ከተኙበት ቀና ሲሉም የጀርባ አጥንትዎን እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንድ በአንድ ከምንጣፉ ያላቅቁ እንጂ ተስፈንጥረው አይነሡ።

ስለ ገንዘብም ላንሣ። ሪፎርመር የሚባል፥ በሞላ የሚሳብ ተንሸራታች አልጋ መሰል መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ከምንጣፉ ትምህርት ይወደዳል። (ሞላው ሲቀነስ ሥራው ሁልጊዜ ይቀላል ብለው አይገምቱ፤ በአንዳንዱ እንቅስቃሴ ሞላው ደጋፊ ስለ ሆነ ሲቀነስ ይከብዳል።) ደመወዝዎ ለዚህ ባይበቃ አይዘኑ፤ ፒላተስ በ1945 ባሳተመው መጽሐፍ ያሉት 34 እንቅስቃሴዎች በምንጣፍ ላይ የሚሠሩ ናቸው።

በአስተማሪ ምርጫ ግን ጠንቀቅ ይበሉ። በ2000 በኒው ዮርክ የተቀመጠ የፌዴራል ፍርድ ቤት «ፒላተስ» የተለመደ የወል ቃል ሆኗልና የማንም የግል የንግድ ምልክት ሊሆን አይችልም ብሎ ፈርዷል። እንግዲህ ስሙን በር ላይ መለጠፍ ብቻውን ዕውቀትን አያስረዳም። አስተማሪው የት እንደ ተማረና ስንት ጊዜ እንደ ፈጀበት ቢጠይቁ ነውር የለበትም። ወገብዎን ታመው የሚያውቁ፥ እርጉዝ ወይም አራስ የሆኑ፥ ወይም አጥንትዎ የሳሳ ከሆነ፥ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ ለአስተማሪውም ይንገሩ። ይህን ሰምቶ እንቅስቃሴውን ካልለወጠልዎ ሌላ ቦታ ይሂዱ።

ተአምርም አይጠብቁ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት መርማሪ ድርጅት በ2015 ስለ ወገብ ሕመም የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስቦ ሲመዝን፥ ማስረጃው እጅግ ጠንካራ ባይሆንም፥ ፒላተስ እምብዛም ሕክምና ካለማግኘት እንደሚሻል፥ ነገር ግን ከሌላው የሰውነት እንቅስቃሴ እንደሚበልጥ በእርግጥ እንዳልታየ ገልጿል። ስለዚህ የእግር ጉዞዎን አይተዉ።

በመጀመሪያው ቀን ሆድዎ ሳይሞላ ይሂዱ፤ ሲታጠፉ የማይገለብ ልብስ ይልበሱ፤ ቦታም ሲይዙ አስተማሪው ከሚያይዎት ስፍራ ይሁን። አፋር ሰው ጥግ ይወዳል፤ ጥግ ላይ ግን የተጣመመ ትከሻዎን አይቶ የሚያቃናልዎ አይኖርም።