ዱላው እንዳይወድቅ

ከአምዱ ጸሐፊ

በ2025 ክረምት የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በአጭሩ ኖኣ፣ ያረጁ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶቹን አጥፍቶ ከሥራ አሰናበተ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከተሰናበቱት አንዷ ኖኣ-15 ናት፤ በ1998 መጥቃ 27 ዓመት አገልግላለች። ስለ አንዲት ያረጀች ማሽን ዓምድ መጻፌ ለአንዳንድ አንባቢ ትርፍ ነገር ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ስለ ዓለም ሙቀት ከሚነሳው ክርክር ሁሉ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ጥያቄ ከእንዲህ ዓይነቱ ስንብት ጋር የተያያዘ ነው ባይ ነኝ። የምትተካዋ ሳተላይት ከምትሰናበተው ጋር ለምን ያህል ጊዜ አብራ በረረች?

ጥያቄው ለምን ክብደት እንዳለው ለመረዳት አለካኩን ማወቅ ይጠቅማል። እነዚህ ሳተላይቶች ቴርሞሜትር አየር ውስጥ አይነክሩም። በአየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን እንደ ሙቀቱ መጠን ደካማ የማይክሮዌቭ ጨረር ይለቃል፤ አየሩ ሲሞቅ ጨረሩ ይበረታል፣ ሲቀዘቅዝ ይደክማል። ሳተላይቷ ከምድር 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ከዋልታ ወደ ዋልታ እየዞረች ጨረሩን ትቀበላለች። በመሃሉ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ወደሆነው ባዶ ጠፈር ታይና፣ ሙቀቱ ወደታወቀው የራሷ ሰሌዳ ደግሞ ዞር ትላለች፤ ከታች የመጣውን ጨረር በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች ትመዝነዋለች። የምታገኘው የአንድን ቀበሌ ሙቀት ሳይሆን የብዙ ኪሎ ሜትር ውፍረት ያለውን አየር አማካይ ነው። በምላሹ ግን ውቅያኖሱንም በረሃውንም፣ መለኪያ የሚያነብ ሰው ያልደረሰበትን ሁሉ ታያለች።

ልኬቱ የተጀመረው በ1978 መጨረሻ፣ ታይሮስ-ኤን በተባለችው ሳተላይት ነው። ከዚያ ወዲህ ከአሥራ አምስት በላይ ሳተላይቶች ተፈራርቀዋል፤ ነገሩ በትክክል ዱላ ቅብብል ነው። እያንዳንዷ የራሷ የአነባበብ ጠባይ አላት፤ አንዷ በጥቂቱ ታበዛለች፣ ሌላዋ በጥቂቱ ታሳንሳለች። የምንፈልገው ለውጥ በአሥር ዓመት ከአንድ ዲግሪ ሩብ እንኳ የማይሞላ ስለሆነ፣ ይህች ትንሽ ልዩነት መላውን ውጤት ልትገለብጥ ትችላለች። መድኃኒቱ አንድ ነው። አዲሷና አሮጌዋ ለተወሰነ ጊዜ አብረው በርረው አንዱን አየር በአንድ ወቅት መለካት አለባቸው።

ይህ ግን ሁልጊዜ አልተሳካም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ኖኣ-9 ዱላውን ለኖኣ-10 ስታቀብል ሁለቱ አብረው የለኩት ለጥቂት ወራት ብቻ ነበር። የኖኣ-9 መሣሪያ ራሱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ንባቡ ይዛባ ስለነበር፣ ስሕተቱን ለማረም ረጅም የጋራ ጊዜ ያስፈልግ ነበር፤ አልተገኘም። የሳተላይቶቹን ንባብ በሚያሰሉት ሁለት ቡድኖች፣ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ የሀንትስቪል ቡድንና በካሊፎርኒያው ሪሞት ሴንሲንግ ሲስተምስ መካከል ለዓመታት ከዘለቀው ልዩነት ጉልህ የሆነው ክፍል የመነጨው ከዚህች ርክክብ ነው። ዛሬም አንደኛው ታችኛው ከባቢ አየር በአሥር ዓመት 0.15 ዲግሪ ገደማ እየሞቀ ነው ሲል፣ ሁለተኛው ከ0.2 በላይ ነው ይላል። ሁለቱም ሙቀቱን አይክዱም።

የሀንትስቪሎቹ ሮይ ስፔንሰርና ጆን ክሪስቲ በ1990 የመጀመሪያውን ውጤት ሲያወጡ፣ ከ1979 እስከ 1988 ባለው ጊዜ ግልጽ የሙቀት አዝማሚያ አላየንም ብለው ነበር። ይህ ለተጠራጣሪዎች ትልቅ ስንቅ ሆነ። በ1998 የካሊፎርኒያዎቹ ፍራንክ ዌንትዝና ማቲያስ ሻቤል ሳተላይቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ምድር እየወረዱ እንደሆነ፣ መውረዳቸውም ሐሰተኛ ቅዝቃዜ እንደፈጠረ አሳዩ። በ2005 ካርል ሚርስና ዌንትዝ ሌላ ስሕተት አገኙ። ሳተላይቷ በአንድ ቦታ ላይ የምታልፍበት ሰዓት ከዓመት ዓመት ይንሸራተታል። ዘንድሮ ሙቀቱን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በ11 ሰዓት የሚለካ ሰው፣ ቀኑ ስለመሸ ብቻ አገሩ ቀዘቀዘ ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሀንትስቪሎቹ ይህን ሲያርሙ የመደመሩን ምልክት በመቀነስ ለውጠውት ኖሯል። ስሕተቱን አምነው አስተካከሉ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። እንዲህ መተራረም የተቻለው ጥሬው መረጃ ለሁሉም ክፍት ስለነበረ ነው።

የሚያናድደኝ የፖለቲከኞቹ አያያዝ ነው። በ2015 ሴናተር ቴድ ክሩዝ በአሜሪካ ሴኔት የምስክርነት መድረክ ላይ የሳተላይት ልኬት መስመር ዘርግተው፣ ለ18 ዓመታት ጉልህ ሙቀት የለም ብለው ተከራከሩ። የመስመሩ መነሻ ዓለምን ለጊዜው ካሞቀው የ1998ቱ ኃይለኛ ኤልኒኞ አጠገብ ነበር። ከተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ መለካት የጀመረ ሰው ወዴትም ቢሄድ ቁልቁለት ነው የሚያገኘው። ሳይንቲስቶች ለአሥርተ ዓመታት የደከሙበትን መረጃ እንዲህ ቆርጦ ማቅረብ ሕዝብን ማሳሳት ነው፤ ለስለስ ያለ ቃል አላገኘሁለትም።

ከዚህ ሁሉ ጭቅጭቅ በላይ ለእኔ የሚበልጠው ማስረጃ ከላይኛው አየር የመጣው ነው። በ1967 ስዩኩሮ ማናቤና ሪቻርድ ዌዘራልድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ ታችኛው አየር እንደሚሞቅ፣ ስትራቶስፌር የሚባለው ላይኛው አየር ግን እንደሚቀዘቅዝ አስልተው ነበር። ያኔ ይህን የምታይ ሳተላይት አልነበረችም። ኋላ የመጡት ሲለኩ የተገኘው ያው ሆነ፤ ከታች ሙቀት፣ ከላይ ቅዝቃዜ። ለላይኛው ቅዝቃዜ የኦዞን መሳሳትም ድርሻ አለው። ጥፋቱ የፀሐይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ላይኛውም አብሮ በሞቀ ነበር። ማናቤ በ2021 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ እኔ የታየኝ ይህ ነው።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይምሰለን። ማታ ማታ የምንሰማው ትንበያ የሚነሳባቸው የዓለም ሞዴሎች ከሚመገቡት መረጃ ዋነኛ ከሆኑት አንዱ ይኸው የማይክሮዌቭ ልኬት ነው። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂም በምድር ጣቢያዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት የጣቢያ ንባብን ከሳተላይት የዝናብ ግምት ጋር የሚያዋህድ አሠራር ተጠቅሟል፤ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ጡፋ ዲንቁ በዚህ ሥራ ስማቸው ይነሳል። ዝናቡን በተስፋ ለሚጠብቅ ገበሬ፣ በጦርነትም በቸልታም ጣቢያ ሲዘጋ የሚጠፋው የሰነድ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚነጻጸርበት ትናንቱ ነው።

ለዚህም ነው የ2025ቱ ዜናዎች ያሳሰቡኝ። ኖኣ-15ስ ተተክታለች፤ ኖኣ-20 እና ኖኣ-21 ቀድመው መጥቀዋል። ነገር ግን በዚያው ዓመት የዋሽንግተን የበጀት ሐሳብ የኖኣ የምርምር ክፍል እንዲፈርስ ጠየቀ። በሰኔ ማብቂያ ደግሞ ከወታደራዊ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች የሚገኘው የማይክሮዌቭ መረጃ በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ ይቋረጣል ተባለ፤ ተቃውሞ ሲበረታ በአንድ ወር ተራዘመ፣ ኋላም ይቀጥላል ተባለ። የዓለም ሁሉ ትንበያ በአንድ መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ሲንጠለጠል ማየት ያስፈራል። አውሮፓ በሜቶፕ ሳተላይቶቿ ሸክሙን መጋራቷ መልካም ነው፤ የአፍሪካ መንግሥታትም በዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት ጉባኤ ሲቀመጡ አዲስ ሳተላይት እንዲመጥቅ ብቻ ሳይሆን አሮጌዋ ከአዲሷ ጋር ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት አብራ እንድትለካ ቢጠይቁ ራሳቸውን ይጠቅማሉ። ኖኣ-9 እና ኖኣ-10 አብረው ሳይለኩ ያለፉትን ወራት ዛሬ ተመልሶ የሚለካቸው የለም፤ ሀንትስቪልና ካሊፎርኒያም ለዓመታት ተከራክረውባቸዋል።