ትኬቱ ሳይቆረጥ ልጆችን እናማክር

በብዙ ቤት የቤተሰብ ጉዞ የሚታቀደው ልጆች ከተኙ በኋላ ነው። እናትና አባት ቀኑን ይቆርጣሉ፤ ገንዘቡን ያብቃቃሉ፤ ማረፊያውን ደውለው ይይዛሉ። ልጆች ነገሩን የሚያውቁት ሻንጣው ከቁም ሣጥን ላይ ሲወርድ ነው። ይህ በክፋት የሚደረግ አይደለም፤ ወላጅ ልጁን ከሐሳብ ለማሳረፍ፣ አንዳንዴም ድንገት ሊያስደስተው ብሎ ነው። ውጤቱ ግን ልጁ በገዛ ቤተሰቡ ጉዞ ላይ ተሳፋሪ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ይነገረዋል፤ ያ ቦታ ለምን እንደተመረጠ፣ ስንት ብር እንደሚጠይቅ፣ ምን ተትቶ ምን እንደተያዘ ግን አያውቅም። መኪናው ሞጆ ሳይደርስ «ገና ነው?» ማለት ይጀምራል፤ መንገዱን ማንም አላሳየውምና የቀረውን በምን ይለካው? የእኔ ክርክር አንድ ነው። ልጅ ከጉዞው ዕቅድ ውስጥ እውነተኛ ድርሻ ሊሰጠው ይገባል። እውነተኛ የምለው እሱ ካልሠራው ሳይሠራ የሚቀረውን፣ ቢሳሳትበትም ስሕተቱ መንገድ ላይ የሚታየውን ሥራ ነው።

ይህን ሐሳብ የሚወዱ ወላጆች እንኳ ብዙውን ጊዜ የሚያደርጉት ልጆቹን ሰብስቦ «የት መሄድ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ቅን ነው፤ ግን ልጁን ያጋልጠዋል። ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ አባቱ የዓመት ፈቃድ አንድም ነገር ሳያውቅ ስለሚጠየቅ በቴሌቪዥን ያየውን ዱባይን ይጠራል። «እሱማ አይሆንም» ይባላል፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። ልጁ ከዚህ የሚማረው ቢኖር በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ማለትን ነው። ሮጀር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ በጻፉት ጥናት የልጆችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል አሳይተዋል። ልጅን ለአዋቂ ዓላማ መጠቀሚያ ማድረግን፣ ለጌጥ ማቆምንና ለይስሙላ መጠየቅን ከታች ባሉት ሦስት እርከኖች አስቀምጠው፣ እነዚህ ተሳትፎ አይባሉም ብለዋል። ተሳትፎ የሚጀምረው ከአራተኛው እርከን ነው፤ ሥራውን የሰጠው አዋቂ ቢሆንም ልጁ ዓላማውን አውቆ ሲሠራው ማለት ነው። ስድስተኛው ላይ ሐሳቡ ከአዋቂ ይመጣል፤ ውሳኔው ግን ከልጆቹ ጋር ይደረጋል። ለቤተሰብ ጉዞ የሚስማሙት እነዚህ መካከለኛ እርከኖች ይመስሉኛል። እንግዲህ «የመጀመሪያውን ቀን ምሳ የት እንደምንበላ አንተ ትወስናለህ፤ ገንዘቡ ይኸውልህ» የተባለ ልጅ፣ የዓለም ካርታ ተዘርግቶለት «ምረጥ» ከተባለው ልጅ ይልቅ ተከብሯል።

በዚህ ላይ በመጀመሪያ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው። ልጅን ማማከር የፈረንጅ ወግ ነው፤ በእኛ ዘንድ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ተረቱ እውነት አለው፤ የቤተሰብን እራት ለልጅ ትቶ የሚሄድ ወላጅ የለም፤ እኔም ጉዞውን በሙሉ ለልጅ እንተው አላልኩም። ነገር ግን ተረቱን ይዞ «ባህላችን ልጅን ከውሳኔ ያርቃል» ማለት ባህሉን አለማየት ነው። በገጠር ከብት የሚያግድ ልጅ ጠዋት ከብቱን ወዴት እንደሚነዳ፣ የት እንደሚያጠጣ፣ ሰማዩ ሲጠቁር መቼ እንደሚመለስ ራሱ ይወስናል። የቤተሰቡ ዋና ሀብት በአንድ ዐሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ እጅ ነው። ይህን ስል እረኝነቱን እያወደስኩ አይደለም፤ ከትምህርት ገበታ ያስቀራቸው ልጆች ብዙ ናቸው። የማነሣው ልጁ ይህን መወሰን መቻሉን፣ ወላጆቹም መቻሉን ማመናቸውን ለማሳየት ነው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ቡሄን ተመልከቱ። ነሐሴ 13 ከመድረሱ ከቀናት በፊት የሰፈር ልጆች ተሰባስበው ጅራፍ ይገምዳሉ፤ ዱላ ያዘጋጃሉ፤ ድምፁ የሚያምረውንና ግጥሙን የሚያውቀውን አውራጅ ያደርጉታል። እየዘፈኑ በየቤቱ ሲዞሩ ከየትኛው ቤት እንደሚጀምሩ ይነጋገራሉ። ማን ለጋስ እንደሆነ፣ የትኛው ግቢ ውሻ እንዳለበት፣ የትኞቹ ሌሎች ልጆች ቀድመው እንደሚደርሱ ያውቃሉ። የሚሰጣቸውን ሙልሙል ዳቦ የሚሸከመው፣ ገንዘቡን የሚይዘው ይለያል፤ ሲጨርሱ እንዴት እንደሚካፈሉም አስቀድመው ይስማማሉ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ለእንቁጣጣሽ ሴቶቹ ልጆች አበባየሁሽ እያሉ ሲዞሩ ይኸው ይደገማል። መስመር፣ ሰዓት፣ ገንዘብና የሥራ ክፍፍል ያለበት ጉዞ ይህ ካልሆነ ሌላ ምን አለ? አዋቂ አላቀደላቸውም፤ ሲጣሉም አብዛኛውን ጊዜ አስታራቂው ከመካከላቸው ነው። እነዚሁ ልጆች ቤት ገብተው ስለ ቤተሰባቸው ጉዞ «አንተ ልጅ ነህ፣ ዝም በል» ሲባሉ ችሎታቸው አልጠፋም፤ የጠፋው ቦታው ነው። እንዲያውም ግቢ በግቢ ተዘግቶ በሚኖርበት የከተማ ኑሮ ልጆች ይህን የሚለማመዱበት አጋጣሚ እየጠበበ ነው። ቤተሰቡ አብሮ የሚሄድበት መንገድ ከቀሩት ሰፊ አጋጣሚዎች አንዱ ነው።

ነገሩን በአንድ የታወቀ መንገድ ላይ እንየው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በነባሩ መንገድ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ዝዋይ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ እያለ ይወርዳል። አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ እነዚህን ከተሞች በቅደም ተከተል ጽፎ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት አስልቶ፣ በስንት ሰዓት የት እንደሚደረስ መገመት ይችላል። ከዚያ እውነተኛው ጥያቄ ይቀርብለታል። ዝዋይ ዳር ዓሣ እንብላ ወይስ ላንጋኖ ወርደን ውሃ ውስጥ እንግባ? ሁለቱንም ካልን ሐዋሳ የምንገባው መሽቶ ነው፤ በነጋታው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የምናሳልፈው ጠዋትም በድካም ይጀመራል። አንዱን መምረጥ ሌላውን ማጣት እንደሆነ በክፍል ውስጥ በቃል የሚማረው ልጅ እዚህ በሰውነቱ ይማረዋል። ለምሳና ለመክሰስ የተመደበው ገንዘብ በፖስታ ተደርጎ ለዐሥራ ሦስት ዓመቷ ልጅ ቢሰጥና ሒሳቡን እየጻፈች ብትይዝ፣ ሦስተኛው ለስላሳ መጠጥ ለምን እንደማይገዛ ለታናናሾቿ የምታስረዳው እሷ ትሆናለች። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ይህን አይችልም፤ እሱ ከሁለት ነገሮች አንዱን ይምረጥ፤ ለምሳሌ መንገድ ላይ የሚሰማውን ተረት። ትንሽ ነው፤ ግን የመረጠው ይፈጸምለት። ከሁሉ የሚከፋው አስመርጦ መተው ነው።

ከዚህ የሚያተርፉት ልጆች ብቻ አይደሉም። ወላጅ የማያውቀውን፣ ልጅ ብቻ የሚያውቀውን መረጃ ያገኛል። የትምህርት ቤት ዕረፍት ክረምት ላይ ስለሆነ ብዙ ቤተሰብ ነሐሴ መጀመሪያን ለጉዞ ያስበዋል። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ግን ፍልሰታ ነው፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ደግሞ ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላውን ጾም የማይጾሙ ሕፃናት እንኳ ይህን ይጾሙታል፤ ከጓደኞቻቸው ጋር ያስቀድሳሉ፤ ይቆርባሉ። ዓመቱን ሙሉ ይህን የጠበቀች ልጅ ሳትጠየቅ ወደ ሪዞርት ብትወሰድ ታኮርፋለች፤ ወላጅም «ይህን ሁሉ ወጪ አውጥተን» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም እውነት አላቸው። አንድ ምሽት ቢነጋገሩ ኖሮ ጉዞው ከ16 በኋላ ይሆን ነበር። በሙስሊም ቤተሰብም ኢድን ከአያቶቹና ከአጎቶቹ ልጆች ጋር ለማሳለፍ የቋመጠ ልጅ እንዲሁ ነው። መኪና ሲሄድ የሚያስመልሰው ልጅ የት ወንበር ላይ ቢቀመጥ እንደሚሻለው፣ ሌሊት በማታውቀው ቤት የምትፈራው ልጅ ከማን ጋር ብትተኛ እንደምትረጋጋ ከራሳቸው በቀር ማን ይነግረናል?

የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ደኅንነት የሚነሣው ነው። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በብዙ አቅጣጫ መንገድ መምረጥ የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። ይህን ለልጅ ድምፅ ማቅረብ ኃላፊነት የጎደለው ነገር ነው፤ በዚህ ላይ አልከራከርም። የሚሄዱበት መንገድ ሰላም መሆኑን አጣርቶ «እንሄዳለን» ወይም «አንሄድም» የሚለው ወላጅ ነው። ነገር ግን ውሳኔው የወላጅ መሆኑ ምክንያቱን ከልጅ ለመደበቅ በቂ አይደለም። «ላሊበላን ለማየት አስበን ነበር፤ ዘንድሮ መንገዱን አጣርተን ስላልተማመንን ለሌላ ጊዜ አቆይተነዋል» የተባለ ልጅ ያዝናል፤ ግን ወላጁ እንዴት እንደሚያስብ ያያል። አያቶችን ሄዶ መጠየቅም እንዲሁ ለምርጫ የሚቀርብ አይደለም። ለመስቀል ጉራጌ አገር የሚገባ ቤተሰብ «መሄድ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ልጆቹን አይጠይቅም፤ መጠየቅም የለበትም። መሄዱ የታወቀ ነው። ለአያት ምን እንደሚወሰድ፣ ማን ስጦታውን እንደሚሰጥ፣ የትኛው ዘመድ ቤት መጀመሪያ እንደሚገባ ግን ልጆች የሚመክሩበት ነው። የቤታችንን ገንዘብ ልጅ ካወቀው ጎረቤት ያውቀዋል የሚል ስጋትም አለ። ልጁ የወላጁን ደመወዝ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ለጉዞው የተመደበውን ማወቅ ይበቃዋል።

ከምርምር የሚመጣ ተቃውሞም አለ፤ እኔ ከሁሉ አክብጄ የማየው እሱን ነው። ሺና አየንጋርና ማርክ ሌፐር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ በሳን ፍራንሲስኮ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሆናቸው ልጆች ፊደላቸው የተዘበራረቀ ቃላትን እንዲያስተካክሉ ሰጧቸው። አንዳንዶቹ የሚሠሩትን ራሳቸው መረጡ፤ ለአንዳንዶቹ አጥኚዋ መረጠችላቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ «እናትህ መርጣልሃለች» ተባሉ። የአውሮፓ ዘር ያላቸው አሜሪካውያን ልጆች የበለጠ የሠሩትና የተጉት ራሳቸው ሲመርጡ ነው። የእስያ ዘር ያላቸው ግን ከሁሉ በላይ የተጉት እናታቸው መርጣለች ሲባሉ ነው። ታዲያ ቤተሰብ በሚከበርበት ባህል ወላጅ ቢመርጥ ምን ይጎድላል? ጥናቱ የሚለው የግል ምርጫ ብቻውን ለሁሉም ልጅ የትጋት ምንጭ እንዳልሆነ ነው፤ ይህንን እቀበላለሁ። እኔ የምለው ግን ልጁ ለብቻው ይምረጥ አይደለም። እነዚያ ልጆች በእናታቸው ምርጫ የተጉት ነገሩ የእነሱና የእናታቸው የጋራ ሆኖ ስለተሰማቸው ይመስለኛል። በጋራ መምከር ይህንኑ ስሜት ያጠነክራል እንጂ አይቃረነውም። ወላጅን የሚያከብር ልጅ የወላጁን ሐሳብ ከነምክንያቱ ሲሰማ አክብሮቱ ይጨምራል።

ይህ ጉዳይ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን ይበልጥ ይከብዳል። በአሜሪካ ትምህርት ቤት የሚዘጋው አገር ቤት ክረምት በሆነበት ወቅት ነው፤ ጥምቀት የሚውልበት ጥር 11 ደግሞ ትምህርት ላይ ነው። ስለዚህ ልጆቹ የወላጆቻቸውን አገር ብዙ ጊዜ የሚያዩት በዝናብና በጭቃ ነው። ጊዜውም ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት እየተዞረ፣ በማያውቁት ቋንቋ ወሬ እየሰሙ ያልቃል። እነዚህ ልጆች ሳይመጡ በፊት የዘመዶቻቸውን ስምና ዝምድና በወረቀት ቢያሰፍሩ፣ በዕድሜ ከሚመስሏቸው ጋር በስልክ ቢተዋወቁ፣ ከጉብኝቱ አንድ ቀን ለእነሱ ተትቶ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደው ድንቅነሽን ለማየትም ሆነ ከአክስታቸው ልጅ ጋር ኳስ ለመጫወት ራሳቸው ቢያቅዱት፣ አገሩን ከወላጆቻቸው ትዝታ ሌላ በራሳቸው በኩል ያገኙታል። በእስራኤል ተወልደው ቤተ እስራኤል ወላጆቻቸው በጎንደር አካባቢ ስላሉት የቀድሞ መንደሮቻቸው፣ ስለ አምቦበርና ስለ ወለቃ፣ ሲያወሩ የሰሙ ልጆችም ጎንደር ሲደርሱ የትኛውን ማየት እንደሚሹ የራሳቸው ጥያቄ ይኖራቸዋል። የሚጠይቃቸው ሰው ይፈልጋሉ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን እንዲገልጽ፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ መጠን ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። ይህን አንቀጽ የምናስታውሰው ስለ ፍርድ ቤትና ስለ አሳዳጊነት ክርክር ሲነሣ ነው። ልጅ ግን ሐሳቡ ክብደት እንዳለው መጀመሪያ የሚያውቀው በቤቱ ነው፤ ለዚያም ከጉዞ የቀለለና ደስ የሚል መለማመጃ የለም። በሚቀጥለው ዕረፍት ቀኑ ከመቆረጡ፣ ትኬቱ ከመገዛቱ፣ ማረፊያው ከመያዙ በፊት አንድ ምሽት ልጆቹ ሳይተኙ ካርታውንና የተመደበውን ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ አውጡ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሥራ ስጡት፤ ከሰጣችሁም በኋላ አትቀሙት።