መሸኛ የሌለው ሰው አይራበውም ወይ?



ባለፈው ስብሰባ ከማኅበሩ ጎተራ ስለሚታደለው ስንዴ ክርክር ተነስቶ እንደነበር ይታወሳል። አንዳንዶች «መታወቂያ የሌለው ከደብተሩ ይሰረዝ» ብለዋል። ጸሐፊ ነኝና ቃለ ጉባኤውን እንደተባለው ጽፌዋለሁ፤ ዳሩ ግን አልስማማበትም።

መታወቂያ እንዴት እንደሚወጣ የማናውቅ ይመስል! ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ አምጣ ይባላል። ቤቱን ጥሎ በሌሊት የወጣ ተፈናቃይ መሸኛ ከየት ያመጣል? ተመልሶ ሄዶ ይጠይቅ? በደርግ ጊዜ የቀበሌ ደብተር የሌለው ስኳርና ሳሙና አያገኝም ነበር፤ አባቶቻችን ያማረሩበትን ደብተር ዛሬ እኛው ልንይዘው ነው።

ሴፍቲኔት የተባለው በገጠር በ1997 ዓ.ም.፣ በከተማ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረ ነው፤ የሚመለምለው ግን ነዋሪ ተብሎ የታወቀውን ነው። እንግዲህ እኛም ያንኑ ሰው ደግመን ብንመዘግብ የማኅበሩ ስንዴ ምን ፋይዳ አለው? ጎተራው ከዚያ መዝገብ ለቀረው አይደለም ወይ?

የአሜሪካውን ነገር ሰምታችኋል። በ1988 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ሕጋዊ ወረቀት ካላቸው ስደተኞች እንኳ ብዙዎቹን ከፌዴራሉ የምግብ ኩፖን አስወጣ። ያኔ ካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት (ዋና ከተማው ሳይሆን ሲያትል ያለበት፣ ሐበሻ የበዛበት) በራሳቸው በጀት ለተገፉት ምግብ መስጠት ጀመሩ። ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈረመው ሕግ ደግሞ ጥገኝነት ያገኘውን ጭምር፣ ግሪን ካርድ እስኪይዝ ድረስ፣ ከኩፖኑ አስወጥቷል። ይህን ስንሰማ «ወይ ልጆቻችን!» ብለናል። እዚያ ሲሆን ግፍ፣ እዚህ ሲሆን ሥርዓት?

«የራሳችን ድሀ መቼ ጠገበ» ለሚሉት፦ እውነት ነው፣ አልጠገበም፤ ጎተራውም ትንሽ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ኮምባይነር የማይገባበትን ተዳፋት በማጭድ ሲያጭዱልን መታወቂያ አልጠየቅናቸውም። የቤት ኪራይ ስንቀበላቸውም፣ ኧረ ስንጨምርባቸውም አልጠየቅን።

ሁለት ቦታ ተመዝግቦ የሚወስድ ይኖራል የሚለው ሥጋት ግን ተገቢ ነው። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ይህን አቀርባለሁ፦ በመታወቂያ ፈንታ የሦስት ጎረቤት ምስክርነት ይበቃል፤ ምስክሮቹም ደብተሩ ላይ ይፈርማሉ። ስንዴው ካነሰ ከሁሉም እኩል ይቀነስ። የሚቃወም ካለ መጥቶ በጉባኤው ፊት ይናገር እንጂ በየጠላ ቤቱ አያውራ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ጮሌ