ቁጥርና ስሜት የአገርን ሁኔታ ያሳያሉ? የሁለት ጸሐፊዎች ሙግት

የአገር ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓይነት መረጃ ይለካል። አንደኛው የኢኮኖሚ አመልካች ነው፤ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት (ጂዲፒ)፣ የዋጋ ግሽበት፣ የሥራ አጥነትና የድህነት መጠን በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው የሕዝብ ስሜት ነው፤ ሰዎች ስለ ኑሯቸውና ስለ ነገ የሚያስቡት በመጠይቅ ተሰብስቦ በቁጥር ይቀመጣል። ሁለቱ ሲስማሙ የሚከራከር የለም። ምርቱ እያደገ ሕዝቡ ሲከፋው ግን የቱን ማመን ይገባል የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ ጠለቅ ብሎ ሲታይም ሁለቱ ተደምረው እንኳ የአገርን እውነተኛ ሁኔታ ይነግራሉ ወይ ያሰኛል። ለዚህ ሙግት ዋና መፈተኛ የሆነችው በ2010 መጨረሻ የነበረችው ቱኒዚያ ናት። ዓ.ም. ከተባሉት በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ያሳያሉ፦ የመጀመሪያው ጸሐፊ

ቱኒዚያ ለረጅም ጊዜ ስትሞገስ የኖረች አገር ነበረች። በ2000ዎቹ ኢኮኖሚዋ በዓመት ከ4 እስከ 5 በመቶ ገደማ ያድግ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም በ2010–2011 የተወዳዳሪነት ሠንጠረዡ ከዓለም 32ኛ፣ ከአፍሪካ ደግሞ 1ኛ አድርጎ አስቀምጧታል። በወቅቱ የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ) ኃላፊ የነበሩት ዶሚኒክ ስትራውስ ካን በኖቬምበር 2008 ቱኒዝ ተገኝተው የመንግሥቱን የኢኮኖሚ ፖሊሲ አመስግነዋል። ዲሴምበር 17 ቀን 2010 በሲዲ ቡዚድ ከተማ ሞሐመድ ቡአዚዚ የተባለ ወጣት ፍራፍሬ ሻጭ ራሱን በእሳት አቃጠለ። ከዚህ የተነሣ አመጽ ተቀጣጠለ፤ አንድ ወር ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2011፣ ፕሬዚዳንት ዚን ኤል አቢዲን ቤን አሊ አገር ጥለው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሸሹ።

ብዙዎች ከዚህ ታሪክ ተነሥተው ቁጥር አይታመንም ይላሉ። ድምዳሜው ችኮላ አለበት። ቱኒዚያን የሚመለከቱ ቁጥሮች ብዙ ነበሩ፤ ባለሥልጣናትና አበዳሪዎች ያነበቡት ግን ደስ የሚያሰኘውን ብቻ ነው። የአገሪቱ አጠቃላይ ሥራ አጥነት 13 በመቶ ገደማ በነበረበት ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቁት መካከል ሥራ አጦቹ ከ20 በመቶ በላይ ነበሩ። ልጁን ለማስተማር ጥሪቱን ላሟጠጠ ቤተሰብ ይህ ልዩነት ከምርት እድገቱ ይበልጥ ትርጉም ነበረው። ሲዲ ቡዚድና ካስሪን የሚገኙበት የመሐል አገር ክፍል ከባሕር ዳርቻው ከተሞች እጅግ የደኸየ እንደነበርም የተሰወረ ነገር አልነበረም። እነዚህ አኃዞች ሁሉም የኢኮኖሚ አመልካቾች ናቸው። አመጹም የጀመረው እነሱ በሚያመለክቱበት ቦታ ነው።

ስሜቱም ተለክቶ ነበር። ጋሎፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ድርጅት ሰዎች የዛሬ ኑሯቸውንና ከአምስት ዓመት በኋላ የሚጠብቁትን ከ0 እስከ 10 በተቆጠረ መሰላል ላይ እንዲያስቀምጡ ይጠይቃል። በቱኒዚያ ኑሯቸው የተሳካ ከሚባሉት ወገን የተመደቡት በ2008 24 በመቶ ነበሩ፤ በ2010 ወደ 14 በመቶ ወረዱ። በግብፅ በ2005 29 በመቶ የነበረው በ2010 ከግማሽ በታች ሆነ። በዚሁ ጊዜ በሁለቱም አገሮች የነፍስ ወከፍ ምርት ከፍ ብሏል። ምርት ሲወጣ ስሜት የሚወርድ ከሆነ በመካከላቸው የሰፋው ክፍተት ራሱ ሊነበብ የሚገባ መረጃ ነው።

ከዚያ በፊትም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሶቪየት ኅብረት የሕፃናት ሞት መጨመር ጀመረ፤ መንግሥት ከጥቂት ዓመታት በኋላ አኃዙን ማሳተም አቆመ። ፈረንሳዊው ኢማኑኤል ቶድ በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንን ይዘው ሥርዓቱ እንደሚፈርስ ጻፉ። ሞስኮ በዚያን ጊዜ የምርት እድገት ትዘግብ ነበር፤ የምዕራብ አገር ሊቃውንትም አብዛኞቹ ሥርዓቱ ይወድቃል ብለው አላሰቡም። ቶድ ክሬምሊን ውስጥ ሰው አልነበራቸውም፤ የያዙት ሠንጠረዥ ነበር።

አያሳዩም፦ ሁለተኛው ጸሐፊ

የመጀመሪያው ጸሐፊ ያቀረበው ማስረጃ ሁሉ ነገሩ ከሆነ በኋላ የተለቀመ ነው። በ2010 ከቱኒዚያ 14 በመቶ ያነሰ ውጤት ያስመዘገቡ አገሮች ብዙ ነበሩ፤ አብዛኞቹ አብዮት አላዩም። በተመራቂ ሥራ አጥነትም ቱኒዚያ ብቻዋን አልነበረችም። መንግሥት ከወደቀ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ የወረደ አኃዝ ማግኘት አይከብድም፤ ከመቶ ሠንጠረዥ አንዱ ሁልጊዜ ይወርዳልና። አመልካች የአገርን ሁኔታ ያሳያል የሚባለው አስቀድሞ የትኛውን ማንበብ እንደሚገባ የሚነግር ሕግ ሲኖር ነው። ያ ሕግ የለም።

አኃዞቹ ራሳቸውም በሰው ውሳኔ የሚቆሙ ናቸው። የቤን አሊ መንግሥት በ2005 የቱኒዚያ ድህነት 3.8 በመቶ ነው ይል ነበር። ከአብዮቱ በኋላ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ በአዲስ ስሌት ያንኑ ዓመት 23.3 በመቶ አደረገው። ሰዎቹና ቤቶቻቸው ያው ናቸው፤ የተለወጠው ድሃ የሚያሰኘው መስመር የተሰመረበት ቦታ ነው። አየርላንድ በ2015 ኢኮኖሚዋ በ26 በመቶ አደገ ተብሎ ሲታወጅ የደብሊን ነዋሪ በኑሮው ላይ ያየው ለውጥ አልነበረም፤ ጥቂት ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች የአእምሯዊ ንብረታቸውን ወደ አገሪቱ መዝገብ አዛውረው ነው። የብሔራዊ ገቢን ስሌት በ1934 ለአሜሪካ ኮንግረስ ያቀረቡት ሳይመን ኩዝኔትስ ራሳቸው የሕዝብ ደኅንነት ከዚህ ልኬት ሊደመደም እንደማይችል ያኔውኑ አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያቸውን የሰማ ግን ጥቂት ነው።

ስሜትም ከዚህ የተሻለ ምስክር አይደለም። በጁን 2022 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሸማቾች ስሜት መለኪያ 50 ላይ ወረደ፤ እስከዚያ ድረስ በታሪኩ ዝቅተኛው ነበር። በዚያው ወር የአሜሪካ ሥራ አጥነት 3.6 በመቶ ብቻ ነበር። በኦክቶበር 2009፣ የቤት ብድር ቀውሱ ሚሊዮኖችን ከሥራ አስወጥቶ ሥራ አጥነት 10 በመቶ በደረሰበት ወር፣ ይኸው መለኪያ 70 ገደማ ነበር። ሥራውን ያጣ አገር ሥራ ከሞላለት አገር ይበልጥ ተስፈኛ ነበር ማለት ነው። የባሰው ደግሞ የፓርቲ ነገር ነው። በ2016ም በ2020ም ምርጫ ማግሥት የሪፐብሊካንና የዲሞክራት ደጋፊዎች ስለ ኢኮኖሚው ያላቸው ስሜት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቦታ ተለዋወጠ፤ በዚያ መካከል የማንም ደመወዝ አልተለወጠም። መጠይቁ የለካው ማን ሥልጣን እንደያዘ ነው።

ይህ ሰው የፈለገውን መናገር በሚችልበት አገር ነው። ፍርሃት ባለበት አገር መልሱ ከዚህም ይርቃል። የኢኮኖሚ ሊቁ ቲሙር ኩራን በ1989 የምሥራቅ አውሮፓ አብዮቶች ለምን ሁሉንም እንዳስገረሙ ሲያስረዱ፣ ሰዎች የልባቸውን ደብቀው በአደባባይ ሌላ እንደሚሉ፣ ስለዚህም ጎረቤት ለጎረቤቱ እንኳ ስውር እንደነበረ አሳይተዋል። በር አንኳኩቶ የገባ ጠያቂ ጎረቤት ያልሰማውን አይሰማም።

ከሁሉ በላይ የቱኒዚያን ሁኔታ የወሰነው ነገር በማንኛውም ሠንጠረዥ ላይ አልነበረም። የዓለም ባንክ በ2014 ባወጣው ጥናት ከቤን አሊ ቤተሰብ ጋር የተያያዙ 220 ኩባንያዎች የግሉን ዘርፍ ትርፍ 21 በመቶ ያህል ይወስዱ እንደነበር ታወቀ። ጥናቱ የተቻለው ንብረታቸው ከተወረሰ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ትርፉ እንደማንኛውም ትርፍ በጂዲፒ ውስጥ በእድገት ስም ይቆጠር ነበር።

የኢትዮጵያ ሁኔታም ከዚህ አይርቅም። የዓለም ባንክ ከ1996 እስከ 2006 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ኢኮኖሚው በአማካይ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ ማደጉን ዘግቧል፤ ይፋዊው ድህነትም በ2003 ዓ.ም. ከነበረበት 29.6 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. ኦሮሚያና አማራ በተቃውሞ ተናወጡ፤ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በየካቲት 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። ከመሬቱ በትንሽ ካሳ የተነሣ ገበሬ በእድገት አኃዙ ውስጥ ያለው በቦታው በተሠራው ፋብሪካ በኩል ነው። መሠረታዊ የሆነ ሌላ ጉድለትም አለ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ቀጣዩ ደጋግሞ ተራዝሟል፤ ስለዚህ የነፍስ ወከፍ ገቢ የሚገኘው ግምታዊ ምርት ለግምታዊ ሕዝብ ተካፍሎ ነው።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ምላሽ

የቱኒዚያ የድህነት አኃዝ መስመሩ ሲዛወር ተለውጧል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በአዲሱ ስሌትም ድህነቱ በ2000 32.4፣ በ2005 23.3፣ በ2010 15.5 በመቶ ነበር። ደረጃው አከራካሪ ሲሆን አቅጣጫው አልተለወጠም። ቱኒዚያውያን የተነሡት ድህነት ስለበዛ እንዳልሆነ የሚያውቀው ሰው ይህንን ያወቀው በቁጥር ነው። የአየርላንዱንም ስሕተት ያጋለጡት ስታቲስቲክስ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ የአገሪቱ መሥሪያ ቤት የኩባንያዎቹን ዝውውር የሚቀንስ የተሻሻለ ብሔራዊ ገቢ ማሳተም ጀምሯል። የቤን አሊ ቤተሰብ ድርሻም የታወቀው 220 ኩባንያዎች ተቆጥረው ነው።

የአሜሪካው ስሜት ቅዠት የሚመስለው ከሥራ አጥነት ጋር ብቻ ሲነጻጸር ነው። በጁን 2022 የዋጋ ግሽበት 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግሽበቱ ሲወርድ ዋጋው አልወረደም፤ ቀስ ብሎ መጨመሩን ቀጠለ እንጂ። በ2024 የምግብ ዋጋ ከ2020 ሩብ ያህል ይበልጥ ነበር። የባለሙያው መስፈሪያ ፍጥነቱን ሲለካ ሸማቹ የሚያየው የደረሰበትን ከፍታ ነው። የአዲስ አበባ ሸማችም ነገሩን ያውቀዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የነበረው ግሽበት በኋላ ቀነሰ ሲባል የጤፍ ዋጋ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

ስሜት ከፓርቲ ነገር ጋር የሚቀላቀለው የት ላይ እንደሆነም ይለያል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ በ2022 ባደረገው ጥናት የራሳቸው የገንዘብ ሁኔታ ቢያንስ ደኅና እንደሆነ የተናገሩት 73 በመቶ ነበሩ። ስለሚኖሩበት አካባቢ ኢኮኖሚ ሲጠየቁ ጥሩ ነው ያሉት 38 በመቶ ሆኑ፤ ስለ አገሪቱ ሲጠየቁ 18 በመቶ። ሰው ስለ ጓዳው ሲጠየቅ የሚመልሰው ካየው ነው፤ ስለ አገሩ ሲጠየቅ የሚመልሰው ከሰማው ነው። ልዩነቱን የሚያውቅ አንባቢ ሁለቱን በየቦታቸው ያነብባል። ቁጥርም ስሜትም ይቅር ከተባለ ደግሞ ስለ አገር ሁኔታ የሚቀረው ምስክር የሹማምንት መግለጫና የተቃዋሚ መግለጫ ነው፤ ሁለቱም ያለ ልኬት የልባቸውን ይላሉ።

የሁለተኛው ጸሐፊ ምላሽ

ሙግቱ ልኬት ይቅር የሚል አይደለም። ክርክሩ የተለካው ነገር የአገር ሁኔታ ነው ወይ የሚለው ላይ ነው። ለዚህ ከአብዮቱ በኋላ የሆነችው ቱኒዚያ ከአብዮቱ በፊት ከነበረችው ይበልጥ ታስረዳለች። በ2011 ምርቷ ቀነሰ፤ ሥራ አጥነት ወደ 18 በመቶ ገደማ ወጣ፤ በመጠይቅ የተለካው ስሜትም እየጨለመ ሄደ። በዚሁ ጊዜ ነፃ ምርጫ አካሄደች፤ በጃንዋሪ 2014 ብዙዎች ያደነቁት ሕገ መንግሥት አጸደቀች፤ የሠራተኞች ማኅበር ያለበት የአራት ድርጅቶች ጥምረት ተቀናቃኞችን አስማምቶ በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማት አገኘ። አመልካቾቹንና ስሜቱን ብቻ የያዘ አንባቢ አገሪቱ ከ2008 የከፋች ናት ብሎ ይጽፍ ነበር። ሰው ሳይፈራ የሚናገርባት አገር መሆኗ በየትኛው ዓምድ ይገባል?

ጁላይ 25 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ካይስ ሰዒድ ምክር ቤቱን ሲያግዱ ደግሞ ብዙዎች ጎዳና ወጥተው ጨፈሩ፤ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶችም ሰፊ ድጋፍ አሳዩ። ስሜቱ በትክክል ተለክቷል፤ የተለካው ግን በፓርላማው ላይ የነበረው ምሬት ነው። በቀጣዩ ዓመት ለፕሬዚዳንቱ ሰፊ ሥልጣን የሰጠው ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ተቃዋሚዎች መታሰር ጀመሩ። በዲሴምበር 2022 በተካሄደው የምክር ቤት ምርጫ ድምፅ የሰጠው ከመራጩ 11 በመቶ ገደማ ነበር። የመጀመሪያው ጸሐፊ ይህንን 11 በመቶ ጥሩ አመልካች ነው ይል ይሆናል። ነው፤ ግን ትርጉሙን የሚያውቀው በ2021 የተጨፈረውን የሚያስታውስ ሰው ነው። ሠንጠረዡ ብቻ በእጁ ያለ አንባቢ ከምርጫ የቀረው 89 በመቶ የጠገበ ይሁን፣ የፈራ ይሁን፣ ወይስ ተስፋ የቆረጠ ሊለይ አይችልም።