«ምንም የለብሽም» ስለሚባለው ፍርድ

ድውይ ሕማሙን ይዞ ወደ ሐኪም በቀረበ ጊዜ፣ ደሙ ተመርምሮ፣ ራጅ ተነሥቶ፣ ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ፣ «ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው» ተብሎ የሚሰናበትበት ልማድ እንደ ሕክምና ጥበብ ተቆጥሮ ስለ ሰነበተ፣ ይህ ቃል ከጥድፊያ የተወለደ ፍርድ መሆኑን በግልጥ መናገር ይገባኛል።

አክስቴ ከጉልበቷ እስከ ትከሻዋ እንደ ፍም የሚያቃጥል ሕመም ተሸክማ ስድስት ዓመት በየሐኪሙ ደጅ ስትመላለስ አይቻለሁ። ከቡናው ረከቦት አጠገብ ብድግ ስትል የበሩን መቃን ይዛ፣ ዐይኗን ጨፍና ትቆያለች፤ ልቧ ይደልቃል፣ እጇ ይቀዘቅዛል፣ ጀርባዋ በላብ ይርሳል። ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ተወግታ ትመለሳለች። ደም ግፊቷም በየጊዜው ይለካ ነበር፤ ነገር ግን የለካት ሁሉ ወንበር ላይ አስቀምጦ ነውና፣ ቆማ ምን እንደምትሆን የጠየቀ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ስንኳ አልተገኘም።

ልብ በልኩ እንዲመታ፣ የደም ሥር እንዲጠብና እንዲሰፋ፣ ላብ እንዲወጣ፣ አንጀት እንዲንቀሳቀስ የሚያዝዘውን፣ የእኛን ፈቃድ የማይጠይቀውን ሥርዐተ ነርቭ፣ እንግሊዛዊው ሊቅ ላንግሊ በ1898 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አውቶኖሚክ ብሎ ሰየመው። አንዱ ክንፉ፣ ሲምፓቲክ የሚባለው፣ ሰውነትን ለአደጋ ያነቃል፤ ሁለተኛው፣ ፓራሲምፓቲክ፣ ይበልጡን ቬገስ በሚባለው ከራስ በሚወርደው ዐሥረኛ ነርቭ አማካይነት ያሳርፋል። ሕመም ሲነሣ የመጀመሪያው አብሮ ይነሣል፤ ሕመሙ ከሦስት ወር አልፎ ሥር በሰደደ ጊዜ ግን ከድውያኑ ብዙዎቹ ዘንድ ይህ ዘብ ወደ ዕረፍቱ መመለስ ይሳነዋል፤ በአንዳንዶቹም ላይ እንቅልፍ ያጣው ዘብ በተራው ሕመሙን ያባብሳል። ፋይብሮማያልጂያ የሚባለው ደዌ በያዛቸው ሰዎች ላይ፣ በልብ ምትና በምት መካከል ያለው የጊዜ መለዋወጥ ከጤነኞች ያነሰ ሆኖ በብዙ ጥናት ታይቷል፤ ከፊሎቹም ዘንድ ሕመምንና ሙቀትን የሚያደርሱት ቀጫጭን የነርቭ ክሮች በቆዳቸው ውስጥ ሳስተው ተገኝተዋል። እነዚህን ክሮች ራጅ አያያቸውም፤ በኤሌክትሪክ የሚደረገው የነርቭ ምርመራ እንኳ የሚለካው ወፍራሞቹን ብቻ ነው። እንግዲህ «አላገኘሁብሽም» በሚለው ቃልና «የለብሽም» በሚለው መካከል የሰማይና የምድር ያህል ርቀት ሳለ፣ ሁለተኛውን በፊተኛው ስፍራ መናገር በዕውቀት ስም የሚፈጸም በደል ነው።

መሣሪያ ያልነበረው ሐኪም ከዚህ ይልቅ አጥርቶ ያየበት ዘመን ነበረ። ሐኪሙ ዊር ሚቸል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በፊላዴልፊያ ቁስለኞችን ሲያክም፣ ጥይት የመታው ሥጋቸው ከዳነ በኋላ እጃቸው እንደ እሳት የሚነድባቸው፣ ቆዳው ቀልቶ የሚያብለጨልጭ፣ ውኃ የነካው ጨርቅ ከእጃቸው የማይለይ፣ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ እንኳ የሚያማቸው ወታደሮች አጋጠሙት፤ ቁስሉ ጠግጓልና ሕመሙ የለም ብሎ አላሰናበታቸውም፤ ያየውን በ1864 ከባልደረቦቹ ጋራ አሳተመ፤ ኋላም ኮዛልጂያ ብሎ ሰየመው። በ1916 ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ሌሪሽ ከደም ሥሩ ዙሪያ የሲምፓቲክን ክር ገፍፎ ሕመሙን ሊያስታግሥ ሞከረ። በ1994 ስሙ ቢለወጥም፣ ዛሬም ይህ ደዌ የሚለየው የቆዳውን ቀለም፣ ሙቀት፣ ላብና እብጠት በዐይንና በእጅ በመመርመር ነው። የሲምፓቲክን ነርቭ መቍረጥ ወይም ማደንዘዝ ግን ሁሉን አላዳነም፤ ምክንያቱና ውጤቱ የትኛው እንደ ሆነም ገና ክርክር አለበት፤ ስለዚህ ሕማም ሁሉ ከዚህ ሥርዐት ይወለዳል የሚል ቢነሣ እርሱንም እቃወመዋለሁ።

ጭንቀት የለም አልልም። ሌሊቱን በሕመም ሲገላበጥ ያደረ ሰው፣ ልቡ ያለ ምክንያት ሲደልቅበት፣ የሚያምነውም ሲያጣ፣ እንዴት አይጨነቅ? የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው በአጠገቡ በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ የሕማሙን ምክንያት ከራሱ ከድውዩ ነፍስ ይፈልጉ ዘንድ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን በቁስሉ ላይ ቁስል ጨመሩበት።

ጊዜ የለንም የሚሉ ሐኪሞች አሉ፤ የሰልፉን ርዝመት ስለማውቅ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የምለምነው ነገር የግፊት መለኪያና ሰዓት ብቻ ይፈልጋል፦ ድውዩን አስተኝቶ ግፊቱንና የልብ ምቱን መለካት፣ ከዚያም አስነሥቶ እስከ ዐሥር ደቂቃ ድረስ እየደጋገሙ መለካት። ላይኛው ግፊት በሦስት ደቂቃ ውስጥ በ20 ቢወርድ አንድ ነገር ነው፤ ግፊቱ ሳይወርድ የዐዋቂው ሰው ምት በ30 ወይም ከዚያ በላይ ቢጨምርና ቢጸና፣ ሊመረመር የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ጨጓራንና ኵላሊትን የሚጎዳ መርፌ ለስድስት ዓመት ከመደጋገም ይህ ያጥራል።

አክስቴን በመጨረሻ እንዲህ አድርጋ የለካቻት አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ተኝታ 74 የነበረው ምቷ በስምንተኛው ደቂቃ 116 ደረሰ። ሐኪሟ ሁለቱን ቁጥሮች በካርዱ ላይ ጽፋ ሰጠቻት፤ ስለ ውኃና ስለ ጨው፣ ተኝታም ስለምትሠራው የእግር እንቅስቃሴ መከረቻት። ሕመሙ ዛሬም አልለቀቃትም። ያን ካርድ ግን በዳዊቷ መካከል አኑራዋለች፤ ዘመድ ሊጠይቃት ሲመጣም አውጥታ ታሳያለች።