ማሊያውን ቢያወልቅም ስሙን አያወልቅም

ተጫዋቹ 90 ደቂቃውን ጨርሶ፣ ሻወሩን ወስዶ፣ ቤቱ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ በስልኩ የሚጽፈው ነገር የማን ነው? የራሱ ወይስ የክለቡ? ቀላል ጥያቄ ትመስላለች። ስንቱን ከሜዳ እንዳስወጣች ግን እንመልከት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ኤዲንሰን ካቫኒ በኅዳር 2020 ተቀይሮ ገብቶ ሳውዝአምፕተን ላይ 2 ጎል አገባና ማንቸስተር ዩናይትድ 3ለ2 አሸነፈ። ማታ አንድ ወዳጁ እንኳን ደስ አለህ ሲለው በኢንስታግራም «ግራሲያስ ኔግሪቶ» ብሎ መለሰ። ቃሉ ኡራጓይ ውስጥ የመቀራረብ ጥሪ ነው። ለእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ግን የቆዳ ቀለምን የሚነካ ሆነ። ካቫኒ ጽሑፉን ሰረዘ፣ ይቅርታ ጠየቀ። አልዳነም፤ የ3 ጨዋታ ቅጣትና 100 ሺህ ፓውንድ ተከናነበ። እሱ ለወዳጁ ነው የጻፈው፤ ማህበሩ ያነበበው ግን የዩናይትድን አጥቂ ነው።

ጊዜም አያድንም። የበርንሌዩ አንድሬ ግሬይ በነሐሴ 2016 ሊቨርፑል ላይ ጎል ባስቆጠረ ማግስት በ2012 ትዊተር ላይ የጻፋቸው ግብረ ሰዶማውያንን የሚያንቋሽሹ መልዕክቶች ተቆፍረው ወጡ። ያኔ በዝቅተኛ ሊግ የሚጫወት፣ ማንም የማያውቀው ልጅ ነበር። «ተለውጫለሁ» ቢልም 4 ጨዋታና 25 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ።

ታዲያ ሌላ ስም አውጥቶ መደበቅስ? የቅርጫት ኳሱ ኬቨን ዱራንት ሞክሮታል። በ2017 ስለራሱ «እሱ» እያለ ኦክላሆማ ሲቲን የለቀቀበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ ለካስ የጻፈው በገዛ ስሙ ገጽ ኖሯል! መሳቂያ ሆኖ ይቅርታ ጠየቀ።

እንግዲህ በሥራና በግል ገጽ መካከል አለ የሚባለው ግድግዳ የለም ማለት ነው። ጥፋቱ ግን የተጫዋቹ ብቻ አይደለም። ባርሴሎና በታኅሣሥ 2015 ሰርጂ ጓርዲዮላን ለቢ ቡድኑ አስፈርሞ በሰዓታት ውስጥ ውሉን ቀደደ። ምክንያቱ በ2013 ካታሎንያን የሚሰድቡ የትዊተር ጽሑፎቹ ናቸው። ክለቦች የተጫዋቹን ጉልበት በሐኪም ያስመረምራሉ፤ ገጹን ግን ከፊርማ በኋላ ደጋፊው ነው የሚመረምርላቸው።

ቢቢሲም የተማረው ከተቃጠለ በኋላ ነው። በመጋቢት 2023 ጋሪ ሊንከር በግል ገጹ የመንግሥትን የስደተኞች ፖሊሲ ስለተቸ ከማች ኦፍ ዘ ዴይ ተነሳ። ኢያን ራይትና አለን ሺረርም አንገባም አሉ። ፕሮግራሙ ያለ አቅራቢና ያለ ኮሜንታተር በ20 ደቂቃ አለቀ። ሊንከር ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ቢቢሲ አቅራቢዎቹ በግል ገጻቸው ምን ማለት እንደሚችሉና እንደማይችሉ በጽሑፍ አወጣ። ያም ሆኖ ሊንከር በግንቦት 2025 ባጋራው ሌላ መልዕክት ሰበብ ተሰናብቷል። ሕጉ ሁሉን አይከላከልም፤ ቢያንስ ግን ሰውየው መስመሩ የት እንዳለ አውቆ ይረግጣል።

ተጫዋች እንዲህ ያለ መስመር የሚሰመርለት መቼ ነው? ከቅጣቱ በኋላ ከሆነ ምን ይጠቅመዋል? የክለቡና የግሉ ምን እንደሆነ ገና ሲፈርም፣ ውሉ ላይ፣ እሱ በሚገባው ቋንቋ ይጻፍለት። ያኔ ካጠፋ ቢቀጣ ማንም አይከራከርለትም።